ዋሽንግተን ሰማይዋን አጥራለች፤ ትንሿ አውሮፕላን የት ትረፍ?

(ከዚህ በታች የምታነቡት፣ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ባደረጉት የእሑድ ከሰዓት በኋላ የውይይት ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለጋዜጣው እንዲመች አንዳንድ ቦታ ላይ አሳጥሬዋለሁ። ወራቱም ዓመታቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሰማይ ነው። «የምድሩን መች ጨረስንና ነው ወደ ላይ የምታንጋጥጠው?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይኼ ሰማይ ግን የባዕድ ሰማይ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩት፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖሩት፣ ታክሲያችሁን ሬገን ኤርፖርት አሰልፋችሁ ተራ የምትጠብቁት፣ ሁላችሁም የምትውሉትና የምታድሩት በዓለም ላይ እጅግ ጥብቅ ከሚባሉት የአየር ክልሎች በአንዱ ሥር ነው። የራሳችን አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደለስ ሲያርፍ እዚሁ ክልል ውስጥ ገብቶ ነው የሚያርፈው።

እኔ ፓይለት አይደለሁም። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ያውም ደመወዝ የሌለው፣ በጻፈው ልክ የሚከፈለው ጋዜጠኛ። በትንሽ አውሮፕላን ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ ግን በርሬአለሁ። ደንቡንም ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር አንብቤዋለሁ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ሥልጣን ራሱን ሲያጥር፣ አጥሩን በቁመቱ ብቻ መመዘን አይበቃም። በሩ የት ነው? በሩን ለማለፍ ምን ይጠየቃል? አጥሩ ሲተከልስ የማንን ማሳ ቆርጦ ወሰደ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ትንሽ አውሮፕላን ያለው ተራ ሰው «ዋሽንግተን ስመጣ የት ልረፍ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ ውስጥ ይኼ ሁሉ ጉዳይ አለ።

አጥሩ እንዴት ተተከለ?

ከሥሩ እንጀምር። በዋይት ሐውስና በካፒቶል አናት ላይ መብረር ከሴፕቴምበር 11 በፊትም ክልክል ነበር። ፓይለቶች ይህን ቦታ «ፒ 56» ይሉታል። ይሁንና ክልከላው በአብዛኛው ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ነበር። በሴፕቴምበር 1994 አንድ ሰው የሰረቃትን ሴስና 150 አውሮፕላን በሌሊት እያበረረ መጥቶ ዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ ተከሰከሰ። የሞተው እሱ ብቻ ነው። ፕሬዚዳንቱ በዚያች ሌሊት ሌላ ቤት ነበር ያደሩት። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም «ጉድ!» አለ፤ ከዚያ ነገሩ ተረሳ።

ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኋላ ግን የሚረሳ ነገር አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2003 ዋሽንግተንንና ባልቲሞርን የሚሸፍን የአየር መከላከያ ክልል ታወጀ። «ጊዜያዊ ነው» ተባለ። ጊዜያዊ የተባለ ነገር መንግሥት እጅ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በፌብሩዋሪ 2009 ቋሚ ደንብ ሆኖ ጸና።

ዛሬ ያለውን አጥር በኛው ቋንቋ ልግለጸው። የአባቶቻችን ቤተ መንግሥት የውጪ ግቢ አለው፣ የውስጥ ግቢ አለው፣ ከዚያ እልፍኙ አለ። የዋሽንግተን ሰማይም እንደዚያ ነው። ሬገን ኤርፖርት ካለው የሬዲዮ አቅጣጫ መሪ ጣቢያ ተነሥታችሁ በየአቅጣጫው 30 የባሕር ማይል፣ ማለትም 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብትለኩ የውጪውን ግቢ ታገኛላችሁ። ከመሬት ተነሥቶ እስከ 18,000 ጫማ፣ ወደ 5,500 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ውስጥ ደግሞ ከመሐሉ ከ13 እስከ 15 የባሕር ማይል የሚደርስ የውስጥ ግቢ አለ። እልፍኙ ያው ፒ 56 ነው፤ እዚያ የሚገባ እንግዳ የለም።

በውጪው ግቢ ለመግባት በዓይን እያየ የሚበር ትንሽ ፓይለት ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ ለዚሁ ክልል ተብሎ የሚሞላ የበረራ ዕቅድ አስቀድሞ ማስገባት አለበት። ሁለተኛ፣ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎቹ ጋር በሬዲዮ መነጋገር አለበት። ሦስተኛ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ለሱ ብቻ የሚሰጡትን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ትራንስፖንደሩ ላይ መሙላት አለበት። ትራንስፖንደር ማለት አውሮፕላኗ ማን እንደሆነችና ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለች ራዳር ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። በሌላው የአሜሪካ ሰማይ ተራ ፓይለት 1200 ብሎ ሞልቶ እንደ ልቡ ይበራል። እዚህ 1200 ይዞ መግባት ራስን ማስከሰስ ነው። ፍጥነቱም ከ180 ኖት፣ በሰዓት 333 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንዳይበልጥ ተገድቧል።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምርላችሁ። ያ የበረራ ዕቅድ እንደ ሌላው የበረራ ዕቅድ አይደለም። ሌላው ዕቅድ በሰዓቱ ሳትደርስ ብትቀር ፍለጋ ያስነሣልሃል። ይኼኛው ግን አያስነሣም። አንተን እንዲጠብቅህ ሳይሆን ካንተ ለመጠበቅ የተሠራ ወረቀት ነው!

ሦስቱ ምስኪኖች

አጥር ሲተከል የማንን ማሳ ቆረጠ ብዬ ነበር። በውስጠኛው ግቢ ውስጥ ሦስት ትንንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ሜሪላንድ ውስጥ። ኮሌጅ ፓርክ፣ ፖቶማክ ኤርፊልድና ሃይድ ፊልድ ይባላሉ።

ኮሌጅ ፓርክን እንደ ዋዛ አትዩት። በ1909 የተመሠረተና ሥራውን ሳያቋርጥ በመቆየት በዓለም አንጋፋው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ዊልበር ራይት ራሱ በዚያ ዓመት እዚያ ሜዳ ላይ የአሜሪካ ጦር መኮንኖችን አውሮፕላን ማብረር አስተምሯል። በ1918 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የአየር ፖስታ ማመላለሻ ያደረገውም እሱን ነው። ዛሬ አጠገቡ የአቪዬሽን ሙዚየም አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ በግሪን ላይን ባቡር ብትሄዱ ከጣቢያው በእግር የሚደረስ ነው።

ከሴፕቴምበር 11 በኋላ እነዚህ ሦስቱ ተዘጉ። በ2002 መጀመሪያ ሲከፈቱም አውሮፕላናቸውን እዚያው ለሚያሳድሩ፣ ተመርምረው ለታለፉ ፓይለቶች ብቻ ነበር። ከሌላ ከተማ የሚመጣ እንግዳ እንዲያርፍ የሚፈቅደው ደንብ እስከ 2005 ድረስ አልወጣም። እስቲ አስቡት! አውሮፕላን ማረፊያ ማለት ነዳጅ የሚሸጥበት፣ መካኒክ የሚሠራበት፣ ተማሪ የሚማርበት ቦታ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ «እንግዳ አይግባ» የተባለ ሆቴል ምን ይሆናል? በእርግጥ አደጋ የጣሉት እነዚህ ትንንሽ ሜዳዎች አልነበሩም። ሴፕቴምበር 11 የተጠለፉት አውሮፕላኖች ከትልልቅ ኤርፖርቶች የተነሡ ትልልቅ ጄቶች ነበሩ። ዕዳው ግን ለትንሹ ደረሰ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው።

ሃይድ ፊልድ በ2022 ጨርሶ ተዘጋ። ለአንድ አውሮፕላን ማረፊያ መዘጋት ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላልና ሁሉንም በአጥሩ ላይ አላላክክም። ይሁንና ሦስት የነበሩት ሁለት ሆነዋል።

«የት ልረፍ?»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ኮሎምበስ ኦሃዮ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ። እንደምታውቁት ኮሎምበስ የኛ ሰው ብዙ አለ። ይህ ወዳጄ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሽርክና አንድ ሴስና 172 ገዝቷል። ባለ አንድ ሞተር፣ አራት ሰው የምትይዝ፣ ከብዙ መኪና የማትሻል የምትመስል አውሮፕላን ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ ሰርግ ተጠርቶ ደወለልኝና «አንተ እዚያ ነህ፤ የት ልረፍ?» አለኝ። በመኪና ከስድስት ሰዓት በላይ ነው፤ በሷ እንደ ነፋሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል። እኔም እንደ ጋዜጠኛ ሥራዬን ጀመርኩ፤ ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ ቦታዎቹንም አየሁ። ውጤቱን እንዳለ ላቅርብላችሁ።

በመጀመሪያ አእምሮ ላይ የሚመጣው ኮሌጅ ፓርክ ነው። ቅርብ ነው፤ ባቡሩ አጠገቡ ነው፤ ለሲልቨር ስፕሪንግም ጎረቤት ነው። ያለው ግን በውስጠኛው ግቢ ነው። እዚያ ለማረፍ ፓይለቱ አስቀድሞ የጣት አሻራ ይሰጣል፣ የወንጀል መዝገቡ ይመረመራል፣ የበረራ ታሪኩም በአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ይታያል። ካለፈ የምሥጢር ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ የፓይለቱ እንጂ የአውሮፕላኗ አይደለም፤ ለጓደኛ አይዋስም። ከዚያም በመጣ ቁጥር የበረራ ዕቅዱን ሲያስገባ ያንን ቁጥር ይናገራል። ሰርጉ ቅዳሜ ነው ብሎ ሐሙስ የሚጀመር ነገር አይደለም። ማኮብኮቢያውም 2,600 ጫማ ያህል ነው፤ ወደ 790 ሜትር። ለሴስና 172 ይበቃል፤ በበጋ ሙቀት አራት ሰው ከነሻንጣው ለጫነ ግን ቀድሞ ወረቀት ላይ አስልቶ መምጣት ይሻላል። ፖቶማክ ኤርፊልድም ተመሳሳይ ነው፤ ማኮብኮቢያው ደግሞ ከኮሌጅ ፓርክ ይልቅ ጠበብ ይላል።

እንግዲህ ፍርዱ ይኼ ነው። በዓመት አንዴ ለሰርግ ወይም ለተዝካር ለሚመጣ ሰው ውስጠኛው ግቢ አይመከርም። በየወሩ ለሚመላለስ ሰው፣ ዘመድ ያለው፣ ንግድ ያለው ሰው ከሆነ ግን አሻራውን ይስጥ፣ ቁጥሩን ይያዝ። አንዴ ካገኘው በኋላ ከባቡሩ አጠገብ ማረፍ የሚከፍል ውለታ ነው። ደግሞም እንግዳ ካልመጣላቸው እነዚህ ሁለቱም እንደ ሃይድ ፊልድ እንዳይሆኑ ያሰጋል።

ሁለተኛው ምርጫ የውጪው ግቢ ነው። እዚህ የምሥጢር ቁጥር አያስፈልግም፤ ቅድም የተናገርኳቸው ሦስቱ ነገሮች ይበቃሉ። ለሲልቨር ስፕሪንግ የሚቀርበው ጌተርስበርግ ነው። ማኮብኮቢያው 4,200 ጫማ፣ ወደ 1,280 ሜትር ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ቨርጂኒያ ለምትኖሩት ደግሞ ማናሳስና ሊስበርግ አሉ። ማናሳስ የመቆጣጠሪያ ማማ አለው፤ ማኮብኮቢያው 6,200 ጫማ ይደርሳል፤ ብሮድ ረን የሚባለው የባቡር ጣቢያም አጠገቡ ነው። ባቡሩ ግን የሠራተኛ ባቡር ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ አይሠራም፤ ለሰርገኛ ዋጋ የለውም! ሊስበርግ በክቡ ጠርዝ አካባቢ ስለሆነ የራሱ የመግቢያና የመውጫ ሥርዓት አለው፤ ሳያነቡ መምጣት አይገባም።

ጌተርስበርግ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመቆጣጠሪያ ማማ የለውም፤ ፓይለቶቹ በሬዲዮ እርስ በርስ እየተነጋገሩ ነው የሚያርፉት። በኖቬምበር 27 ቀን 2022 አመሻሽ ላይ፣ ሰማዩ በጭጋግ ተሸፍኖ፣ አንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ወደዚያ ስትወርድ ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ምሰሶ ጋር ተጋጭታ እዚያው ተንጠለጠለች። ሁለቱ ተሳፋሪዎች 30 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ለሰዓታት ተንጠልጥለው በሕይወት ወረዱ። በሞንትጎመሪ አውራጃ መብራት የጠፋበት ደንበኛ ከ100,000 በላይ ነበር። ከእናንተ ውስጥ በዚያች ሌሊት በሻማ የተቀመጠ አይጠፋም። ይህን የማነሣው ሰው ስለ ተዋጊ ጄትና ስለ ምሥጢር ቁጥር ሲያስብ ጭጋጉን እንዳይረሳ ነው። ትንሽ አውሮፕላን ከአጥር ይልቅ የምትፈራው የአየር ጠባይን ነው።

ሦስተኛው ምርጫ ከአጥሩ ውጪ ማረፍ ነው። ፍሬድሪክ ሜሪላንድ ከክቡ ወጣ ብሎ ይገኛል፤ የመቆጣጠሪያ ማማም አለው። ልዩው የበረራ ዕቅድ አያስፈልግም። ከዚያ መኪና ተከራይቶ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ መውረድ ነው። ነገር ግን ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው፣ ከሬገን ጣቢያ በ60 የባሕር ማይል፣ በ111 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ በዓይን እያየ የሚበር ፓይለት ሁሉ ስለዚሁ ክልል የሚሰጠውን ትምህርት ወስዶ የምስክር ወረቀቱን መያዝ አለበት። ፍሬድሪክም በዚህ ውስጥ ነው። ትምህርቱ በኮምፒዩተር ነው፤ ነፃ ነው። ሁለተኛው፣ ከፍሬድሪክ በስተሰሜን የፕሬዚዳንቱ ማረፊያ ካምፕ ዴቪድ አለ። እሱም የራሱ ክልክል ክብ አለው፤ ፕሬዚዳንቱ ሲመጡ ክቡ ይሰፋል። ስለዚህ ከኦሃዮ የሚመጣ ሰው ተራራውን አቋርጦ ሲወርድ የሚፈራው ክብ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ከመነሣት በፊት የዕለቱን የአብራሪዎች ማስታወቂያ፣ «ኖታም» የሚሉትን፣ ማንበብ ግዴታ ነው።

ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር፦ አየሩ ጥሩ ከሆነና ደንቡን አጥንተህ ካወቅኸው ጌተርስበርግ፤ ጥርጣሬ ካለህ ፍሬድሪክ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገባ ደግሞ አካባቢውን የሚያውቅ አስተማሪ አጠገብህ አስቀምጥ። ከሰርጉ ስትመለስም ሳትረሳ፣ ከመነሣትህ በፊት ቁጥርህን ተቀበል። ብዙ ሰው ለመግባት ይጠነቀቅና ሲወጣ ይሳሳታል። መውጫውም በር ነው።

የሀብታም በር

«ሬገን ኤርፖርትስ? ከተማው መሐል አይደለም እንዴ?» የሚል አለ። ነው እንጂ! ከ2001 በኋላ ለግል አውሮፕላን ዝግ ሆኖ ቆይቶ በ2005 መጨረሻ ተከፍቷል። እንዴት ነው የተከፈተው? አውሮፕላኑ አስቀድሞ ከተፈቀደ ሌላ ኤርፖርት ይነሣል፤ ተሳፋሪው በስሙ ይመረመራል፤ አውሮፕላኑ ይፈተሻል፤ ከሁሉም በላይ የጦር መሣሪያ የታጠቀ የጥበቃ ሰው አብሮ ይሳፈራል። ለድርጅት ጄት ይኼ የወጪ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይከፍላል፣ ይገባል። አራት ወንበር ላላት ሴስና ግን አንዱን ወንበር ለታጣቂ ሰጥታ ማንን ትጭናለች?

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚህ አገር በሩ ለማንም አልተዘጋም ይባላል። እውነት ነው፣ አልተዘጋም። ግን የበሩ ዋጋ ለሀብታም የኪስ ገንዘብ፣ ለድሃ የዓመት ገቢ ሲሆን «ክፍት ነው» የሚለው ቃል ምን ያህል ክፍት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ቢሳሳቱስ?

በሜይ 11 ቀን 2005 ሁለት ሰዎች በሴስና 150 ከፔንሲልቬንያ ተነሥተው ወደ ሰሜን ካሮላይና ሲሄዱ መንገድ ሳቱ። ከዋይት ሐውስ እስከ ሦስት ማይል ያህል ተጠጉ። ዋይት ሐውስና ካፒቶል ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በሩጫ ወጣ። ኤፍ 16 ተዋጊ ጄቶች የማስጠንቀቂያ ብርሃን ተኮሱ። በመጨረሻ ሰዎቹ ፍሬድሪክ እንዲያርፉ ተደረገ። አሸባሪዎች ሳይሆኑ የጠፉ ሰዎች ነበሩ። ፓይለቱ ግን ፈቃዱን ተነጠቀ። በዚያው ወር መሬት ላይ የተተከለ የሌዘር ማስጠንቀቂያ ሥራ ጀመረ፤ ቀይ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ እያለ ያበራል። ይህን ብርሃን ያየ ፓይለት ወዲያውኑ ከክልሉ መውጣትና በአስቸኳይ ጥሪው ሞገድ፣ በ121.5፣ መናገር አለበት።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። በስሕተት የገባ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። እያወቀ የገባ ደግሞ ወንጀለኛ ነው፤ እስከ አንድ ዓመት እስራት አለበት። ከእናንተ መካከል ገና ዜግነት ያላገኛችሁ፣ ግሪን ካርድ የያዛችሁም ጭምር፣ የበረራ ትምህርት ለመጀመር መጀመሪያ በትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ መመርመርና ፈቃድ ማግኘት እንዳለባችሁ አትርሱ። «ጎረቤቴ እንዲሁ ጀመረ» ማለት አያድንም፤ ጎረቤታችሁ ዜጋ ይሆናል።

አጥሩ ያላቆመው

ታዲያ ይህ ሁሉ አጥር ምን አቆመ? በኤፕሪል 2015 አንድ ፖስተኛ ከጌቲስበርግ በጋይሮኮፕተር ተነሥቶ ካፒቶል ሣር ላይ አረፈ። የያዘው ቦምብ አልነበረም፤ በፖለቲካ ውስጥ የገባውን ገንዘብ የሚቃወም፣ ለ535ቱም የምክር ቤት አባላት የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ራዳር ላይ የታየው ነገር ከወፍና ከደመና የማይለይ ነበር ተባለ። 120 ቀን ታሰረ። ደብዳቤውን በፖስታ መላክ ሥራው የሆነ ሰው በሰማይ ይዞት መምጣቱ የሚናገረው ነገር አለ፤ ለእናንተ እተወዋለሁ።

በኤፕሪል 2022 ደግሞ ካፒቶል እንደገና በጥድፊያ ተለቀቀ። የመጣው ጠላት አልነበረም፤ ለቤዝቦል ጨዋታ ማድመቂያ ፓራሹት የሚዘሉ ወታደሮችን የያዘ የራሱ የመንግሥት ጦር አውሮፕላን ነበር። በረራው ይታወቃል፤ ለካፒቶል ፖሊስ ግን ማንም አልነገረም። ግራ እጅ የሚሠራውን ቀኝ እጅ አላወቀም ማለት ነው። ተራ ፓይለት አንዲት አሃዝ ቢስት ይቀጣል፤ መሥሪያ ቤት መንገር ቢረሳ «ቅንጅት ጎድሎ ነበር» ይባላል።

ከሁሉም የከበደው በጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ምሽት የደረሰው ነው። ሬገን ለማረፍ ሲወርድ የነበረ የመንገደኞች ጄትና አንድ የጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ተጋጭተው ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቁ። 67 ሰው ሞተ፤ ከሁለቱም አንድ እንኳ አልተረፈም። ይህ የሆነው በእልፍኙ ደጃፍ፣ በአገሪቱ እጅግ በሚጠበቀው ሰማይ ላይ ነው። ሁለቱም የተፈቀደላቸው ነበሩ፤ ሁለቱም ራዳር ላይ ይታዩ ነበር። ከውጪ የሚመጣውን ስንጠብቅ አደጋው ከግቢው ውስጥ መጣ።

ታዲያ ምን እንበል?

እንግዲህ ሁለት ነገር ብዬ ላብቃ። እኔ ዋሽንግተን ያለ አጥር ትኑር የምል ሰው አይደለሁም፤ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን አጥር ሁሉ አንድ አይደለም። የዚህ አጥር ልክ፣ ራዲየሱ፣ ከፍታው፣ ሰዓቱ፣ ቅጣቱ በአንቀጽና በቁጥር ታትሞ ማንም ያነበዋል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዲፕሎማ ብቻ ያለኝ ሰው፣ ቁጭ ብዬ አንብቤ ለወዳጄ «እዚህ ብታርፍ ይሻላል» ለማለት ችያለሁ። መንግሥት ጊዜያዊውን ክልከላ ቋሚ ላደርግ ነው ሲል ከ20,000 በላይ አስተያየት ጎረፈለት፤ በ2006 መጀመሪያ ሕዝባዊ ስብሰባ ተጠርቶ ፓይለቶች ፊት ለፊት ተናገሩ። አላሸነፉም፤ ደንቡ ጸና። ሆኖም በ2007 የክልሉ ቅርጽ ተስተካክሎ ከአጥሩ ነፃ የወጡ አውሮፕላን ማረፊያዎች አሉ። ጩኸት ሁሉን ባያስገኝም ባዶ እጁን አልተመለሰም።

እኛ ያደግነው «ክልክል ነው» በሚል ቃል ነው። ማን ከለከለ? በየትኛው አንቀጽ? እስከ መቼ? ብሎ የጠየቀ ሰው ምን ዓይነት መልስ ያገኝ እንደነበር ታውቃላችሁ። ያልተጻፈ አጥር ከሁሉ የከፋ አጥር ነው፤ ሰው ድንበሩን ስለማያውቅ ከድንበሩ ርቆ ይኖራል፤ መብቱ የሆነውን ሜዳ እንኳ አይረግጥም። የተጻፈ አጥር ግን ቢመርም ይለካል፣ ይከራከሩበታል፣ በሩም ይገኛል።

ሁለተኛው ነገር ለዚህ አገር ሹማምንት ነው፤ ቢሰሙን። አጥሩን ጽፋችኋል፤ ደግ። ዋጋውን ማን እንደከፈለ ግን አልጻፋችሁም። አንጋፋው ኮሌጅ ፓርክ እንግዳ እየናፈቀ፣ ትንሹ ፓይለት አሻራውን እየሰጠ፣ ሀብታሙ ታጣቂ ቀጥሮ መሐል ከተማ ያርፋል። ለጋራ ደኅንነት የሚከፈል ዕዳ በጋራ መከፈል አለበት እንጂ ከአጥሩ ሥር በተገኘው ሜዳ ብቻ መውደቅ የለበትም።

ለእናንተ ለልጆቻችሁም፣ ፓይለት መሆን ያማረው ካለ አትከልክሉት። ደንቡን ያንብብ፣ ትምህርቱን ይውሰድ፣ ቁጥሩን ይቀበል፣ የሚያርፍበትን ሜዳ እንደ አየሩና እንደ አቅሙ ይምረጥ። ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።